ከመንገዱ ወዲያ ያሉት ቤቶች

ሰው «ዶክተር» ብሎ ሲጠራኝ ዛሬም ጆሮዬ ይግላል። አንገቴን ስደፋ የሚያዩ ሰዎች ትሕትና ይመስላቸዋል። ትሕትና ከየት አባቴ አምጥቼ! በወጣትነቴ እንኳን ትሕትና፣ ተራ ይሉኝታም አልነበረኝም። ጆሮዬን የሚያግለው ሌላ ነገር ነው፤ ለሚስቴም ነግሬያት አላውቅም።

ነገሩ የሆነው አዳማ ናዝሬት ከመባሏ በፊት፣ ጣልያን ሳይገባ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ነው። ያን ጊዜ አዳማ ማለት ባቡር ጣቢያው፣ የግሪኩና የዐረቡ ሱቅ፣ ጥቂት የቆርቆሮ ቤቶች፣ የቀረው ግራርና አቧራ ነበር። አባቴ ጣቢያው ውስጥ ጸሐፊ ነበር። እናቴ እኔን እንደወለደች ንዳድ ጣላትና ጡቷ ደረቀ። ወደ አዋሽ መውረጃ ባለች መንደር የሚኖሩ አንዲት ኦሮሞ ሴት በዚያው ሰሞን ሴት ልጅ ወልደው ስለነበር አባቴ ወስዶ ለእሳቸው ሰጠኝ። እሳቸውም ሁለታችንን አጠቡን። አዴ፣ እናቴ እንደ ማለት፣ ነበር የምላቸው። አማርኛዬ የእናቴ ነው፤ ኦሮምኛዬ የአዴ ነው። ካደግሁ በኋላም በየበዓሉ እዚያ ሄጄ ሆዴ እስኪነፋ ወተት እጠጣ ነበር።

ኋላ አባቴን የሚያውቁ አንድ ትልቅ ሰው ፈረንሳይ አገር ልከውኝ ሕክምና ተማርኩ። እዚያ ትምህርት መጨረስ ብቻውን ዶክተር አያሰኝም፤ ምርምር ሠርቶ፣ ጽፎ፣ በመምህራን ፊት ቆሞ መከራከር ግድ ነው። መምህሬ ስለ ወባ፣ እኛ ንዳድ ስለምንለው፣ እንድጽፍ መከሩኝ። የወባ መድኃኒቱን ኪኒን ሳይታመም አስቀድሞ በየቀኑ የሚውጥ ሰው ከማይውጠው ሰው ምን ያህል ይሻላል፣ ጥያቄው ይህ ነበር። የአንዲት መንደር እኩሌታ ይዋጥ፣ እኩሌታው አይዋጥ፣ ልዩነቱ በሠንጠረዥ ይታይ፤ ልዩነቱ ካልታየ ግን ዶክትሬት የለም አሉኝ። እኔም አገሬ ሳልገባ፣ ገና ከመርከቡ ሳልወርድ መንደሯን መርጬ ነበር። ከአዴ መንደር ሌላ የማን መንደር ልመርጥ ኖሯል?

ክረምቱ ሲወጣ ባርኔጣዬን ደፍቼ፣ ማይክሮስኮፔን በበቅሎ አስጭኜ ደረስኩ። መንደሯን መንገድ ለሁለት ይከፍላታል። ከመንገዱ ወዲህ ያሉት ቤቶች በየማለዳው ኪኒን ይውጣሉ፤ ወዲያ ያሉት አይውጡም። ወዲያ ላሉት ተራችሁ በኋላ ነው አልኳቸው። ሳምንት በሳምንት የሁሉንም ጣት እየወጋሁ ደም አያለሁ። ኪኒን አጥሮኝ እንዳይመስላችሁ። ለሁሉም የሚበቃ፣ ተርፎም የሚቀር፣ በሣጥን ሙሉ ጣቢያው አጠገብ ባለው ቤቴ አልጋዬ ሥር ነበር።

አዴ ወዲህ ናቸው። ልጃቸው፣ የጡት እህቴ፣ አግብታ ወዲያ ትኖራለች። አራት ዓመት የሚሆናት ልጅ ነበረቻት፤ ገና ስመጣ ስታየኝ «ኤሱማ!» እያለች ትሮጥና ባርኔጣዬን ትቀማኛለች። ኤሱማ በኦሮምኛ የእናት ወንድም ማለት ነው።

ሳምንታት አለፉ፣ ልዩነት የለም። ወዲህም ትንሽ ሰው ይታመማል፣ ወዲያም ትንሽ ሰው ይታመማል። ኪኒኑ ተበላሽቶ ይሆን፣ ዐይኔ ይሆን ብዬ ተጨነቅሁ። አንድ ማለዳ ኪኒኑን አድዬ ከሄድኩ በኋላ እርሳሴን ረስቼ ብመለስ አዴ መንገዱ ዳር ቆመዋል። ኪኒኑን በጥርሳቸው ለሁለት ከፍለው ግማሹን ልጅቷን እያስዋጧት ነው፤ እሷም ምሬቱን ለመርሳት ከጣታቸው ማር ትልሳለች። ሲያዩኝ አልደነገጡም። እንዲያውም ደስ የሚለኝ መስሏቸው ሣቁልኝ።

ለካ መንደሩ ሁሉ እንዲህ ነው! ወዲህ ያለው ሁሉ ግማሽ ግማሹን ወደ ወዲያ ያሻግራል። ጎረቤት እያየ ብቻውን መድኃኒት የሚውጥ ሰው እዚያ አልተፈጠረም። ይህን ፈረንሳዊው መምህሬ ባያውቁ አይፈረድባቸውም። እኔ ግን እዚያው ጠብቼ ያደግሁ ሰው እንዴት አላሰብኩትም?

ደሜ ፈላ። ጎረቤት ሁሉ እየሰማ በአዴ ላይ ጮህኩባቸው። በኦሮምኛ እሳቸውን መቆጣት አፌ እምቢ ስላለኝ በአማርኛ ነው የጮህኩት። ሥራዬን አበላሻችሁ፣ የስንት ዓመት ልፋቴን ገደል ከተታችሁ አልኩ። ምን እንዳጠፉ ግራ ገብቷቸው ያዩኝ ነበር።

ከማግሥቱ ጀምሮ ወዲህ ያለው ሁሉ ፊቴ እንዲውጥ አደረግሁ። ከዋጡም በኋላ አፍ ይከፈታል፣ ምላስ ይነሣል፣ እኔም ጎንበስ ብዬ አያለሁ። ሲመጡ ሰው ብድግ የሚልላቸው ሽማግሌዎች ተሰልፈው አፋቸውን ከፈቱልኝ። የአዴ ተራ ሲደርስ ኪኒኑን መዳፋቸው ላይ ይዘው ቆዩ።

«ልጄ» አሉኝ ቀስ ብለው፣ «ወተቴን ከልጄ ከፍዬ ስሰጥህ፣ የየትኛው ቤት ነህ ብዬ አልጠየቅሁህም።»

ከዚያ ዋጡትና አፋቸውን ከፈቱ። እኔም ዐይኔን በጨው አጥቤ፣ ምላሳቸውን አስነሥቼ አየሁ።

ልዩነቱ መጣ። ወዲያ ያሉት በየቤቱ ይንቀጠቀጡ ጀመር፤ የኔ ሠንጠረዥ ደግሞ አማረበት። ጮቤ ረገጥኩ፤ ምን እደብቃችኋለሁ፣ ማታ ማታ እያፏጨሁ ነበር የምጽፈው።

ሥራው ሊያልቅ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው የጡት እህቴ ልጇን አዝላ ጣቢያው አጠገብ ወዳለው ቤቴ መጣች። ያን ሁሉ መንገድ በእግሯ ነው የመጣችው። ልጅቷ እሳት ሆናለች፤ ጣፊያዋ አብጦ እጄን ይሞላል። ባርኔጣዬ ምስማሩ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር፣ ቀና ብላም አላየችው። እናቷ አላለቀሰችም፣ አልለመነችኝም። ወንድሟ ዘንድ መጥታ ምን ብላ ትለምን?

ሣጥኑ ከእግሬ አንድ እርምጃ አይርቅም ነበር። ለእሷ ብሰጥ ከመዝገቡ ልሠርዛት ነው፤ ነገ ደግሞ ወዲያ ያለው ሁሉ ልጁን አዝሎ ይመጣል፤ ሠንጠረዡ ይፈርሳል። ልጅ ጠንካራ ነው፣ ዘጠኝ ቀን ትችላለች ብዬ ራሴን አታለልኩ። አታለልኩ ስል እንኳን እየዋሸሁ ነው፤ እንደማትችል እጄ ያውቅ ነበር። በእርጥብ ጨርቅ አብርጃት፣ ውኃ አጠጫት፣ ተራችሁ ሲደርስ እሰጣታለሁ አልኳት።

«አንተ ካልክ እሺ» አለችኝና መርቃኝ ሄደች።

ልጅቷ በአምስተኛው ቀን ሞተች። ለቅሶ ሄጄ ከወንዶቹ ጋር ተቀመጥኩ፤ እንደ አጎት እጅ እየነሡ አጽናኑኝ፣ እኔም ተጽናናሁ። በዘጠነኛው ቀን ሣጥኑን ከፍቼ ወዲያ ላሉት ሁሉ አደልኩ። ቃሌን ጠበቅሁ! አዴ ያን ቀን ከቤት አልወጡም።

ፈረንሳይ ተመልሼ ጽሑፌን አቀረብኩ። ስለ መከፋፈሉ፣ ስለ ግማሽ ግማሹ ኪኒን አንድ ቃል አልጻፍኩም፤ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ከሠንጠረዡ ጭራሽ አወጣኋቸው። መምህሬ ጣታቸውን በሠንጠረዡ ላይ ሲያወርዱ ልጅቷ ያለችበት መሥመር ላይ ቆም አሉና ከማስረጃዎቹ ሁሉ ጠንካራው ይህ ነው አሉ። አመስግኜ ፈገግ አልኩ። ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ የምለው ዛሬ ነው፤ ያን ቀን ግን ደረቴን ነፍቼ ነበር።

በዓመቱ ዶክተር ተብዬ አገሬ ገባሁ። አዴ በንዳድ ተኝተዋል ሲሉኝ ሄድኩ። መደባቸው ላይ ኩርምት ብለው ነበር፤ ሲያዩኝ ቀና ለማለት ሞከሩ፣ እናትና አባቴን ደኅና ናቸው ወይ ብለው ጠየቁኝ። ስለ ልጅቷ አላነሡም። ኪኒን አወጣሁ፣ ውኃ ቀዳሁ፣ ራሳቸውን ደግፌ ሰጠኋቸው፤ ዋጡ።

ከዚያ ምንም ሳልላቸው አፋቸውን ከፈቱ፤ ምላሳቸውንም አነሡ።

«ይተዉ አዴ፣ ይዝጉት» አልኳቸው በኦሮምኛ። ጎንበስ ብዬ እስካይ ድረስ አልዘጉትም።