የአባቴ የክርስትና ስም

ቄሱ ደውለው የአባቴን የክርስትና ስም ጠየቁኝ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነበር። አባቴ ያረፈው ረቡዕ ነው፤ ፍትሐቱ ደግሞ ዓርብ ጠዋት። ጆበርግ፣ ሮዘተንቪል ሰፈር ባለው ቤታችን ስልኩን ጆሮዬ ላይ ይዤ ከሳሎን ወደ ጓዳ፣ ከጓዳ ወደ ሳሎን እመላለሳለሁ። አላውቀውም አባ አልኳቸው። እግዚአብሔር ያውቀዋል ልጄ፣ እኛ ግን ስንጸልይለት የምንጠራው በእሱ ነውና እስከ ነገ ፈልጊ አሉኝ።

ተናደድኩ። በእሳቸው አይደለም፤ ከመጡ ዓመት አልሞላቸውም፣ ከየት ያውቁታል? ስሙን የሚያውቁት የንስሐ አባቱ አገር ቤት ገብተው አርፈዋል። እናቴም በልጅነቴ ነው የሞተችው። የተናደድኩት በራሴ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት አብሬው ኖሬ፣ ሲቆርብ እያየሁ አድጌ፣ አንድ ቀን እንኳ የክርስትና ስምህ ማነው ብዬው አላውቅም። የቅርብ ጠበል ልጥ ይራስበታል የሚባለው ለእኔ ነው።

ሌላውን ግን ጠይቁኝ። አሥራ አራት ዓመት በባሕር ኃይል አገልግሎ፣ ባሕር የሌለበት ከተማ መጥቶ ብርድ ልብስ የሸጠ ሰው ነው። ዱርንፎንቴን በሚባለው ሰፈር ባለው ሱቁ ውስጥ ብርድ ልብሶቹ ጠርዝ ለጠርዝ ካልገጠሙ ቁጭ አይልም። ቅዳሜ ቅዳሜ የቤቱን ወለል ተንበርክኮ ይፈትጋል፤ እኔንም ከጎኑ ያንበረክከኛል። የትምህርት ቤት ጓደኞቼ እስር ቤት ነው የምትኖሪው ይሉኝ ነበር። ደመናውን አየት አድርጎ ዕቃውን ወደ ውስጥ መሰብሰብ ሲጀምር፣ መንገድ ዳር የሚሸጡት ሴቶች ማዳላ ካስገባ ይዘንባል እያሉ ላስቲካቸውን ያለብሱ ነበር። ማዳላ ሽማግሌው ማለት ነው፤ ሳያረጅም በፊት እንዲያ ነበር የሚሉት። አንድም ጾም አያልፈውም። በጾም እኔ ሥጋ ስጠብስ ሽታው እንዳይደርሰው በር ከዘጋሁ፣ ክፈቺው፣ መርከብ ላይ ከዚህ የባሰ አሽትቻለሁ ይለኛል።

አገር ቤት ላለችው ታናሽ እህቱ ደወልኩ። አሰበች፣ አሰበችና፣ ወልደ የሚል አለበት መሰለኝ አለችኝ። ወልደ የሌለበት ወንድ ስንት አለና! ስልኩን ዘጋሁባት፤ ወዲያው መልሼ ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኳት። የጸሎት መጽሐፎቹን ገጽ በገጽ ገለጥኩ። ፔፐሮቹን፣ የመኖሪያ ፈቃድ ወረቀቶቹን፣ የሚያስቀምጥበትን ከረጢት መሬት ላይ ዘረገፍኩት። የዓለም ስሙ በሦስት ዓይነት አጻጻፍ ተጽፏል፤ የክርስትና ስሙ ግን የለም።

ከዚያ አንድ ሰውዬ ትዝ አለኝ። ልጅ ሳለሁ ቤታችን የማይጠፋ የአባቴ የመርከብ ጓደኛ ነበር። ባሕር ኃይሉ ሲበተን አብረው ወጥተው፣ አብረው ጆበርግ የገቡ ናቸው። ከስምንት ዓመት በፊት ሰውየው ፕሮቴስታንት ሆነ፤ አባቴም ከዚያን ቀን ጀምሮ አላናገረውም። ቁጥሩን ከስልኩ አጠፋው፤ እኔ ካነሳሁት ከማዕድ ይነሳ ነበር። እንዲህ ያለ ግትር ነበር፤ ይህንንም እወድለታለሁ ብል ውሸት ነው።

ሰውየው ከከተማው ወጣ ብሎ ኮዝሞ ሲቲ በሚባል ሰፈር ሱቅ እንዳለው ብቻ ነው የማውቀው። መኪናዬን አስነስቼ ወጣሁ። ዝናቡ ወረደ። መብራት ስለጠፋ ሮቦቶቹ፣ የትራፊክ መብራቶቹን እዚህ እንዲያ ነው የምንላቸው፣ በየመስቀለኛው መንገድ ሞተዋል፤ ከአራቱም አቅጣጫ እኔ ልቅደም እኔ ልቅደም ነው። ከሁሉ የባስኩት እኔ ነበርኩ። ጥሩምባዬን እየነፋሁ፣ መሪውን እየደበደብኩ፣ ብቻዬን ከአባቴ ጋር ተጣላሁ። ባላገኘውስ? ነገ ቄሱ ስሙ ላይ ሲደርሱ ምን ሊሉ ነው? ዕድሜውን ሙሉ የሌላውን ሰው ስም እየጠራ የጸለየ ሰው ያለ ስሙ ሊሸኝ ነው።

ኮዝሞ ሲቲ ሦስት የሐበሻ ሱቆች ጠይቄ አራተኛው የእሱ ሆነ። ከብረት ፍርግርጉ ጀርባ ቆሞ ለአንዲት ሴት ዳቦ እያቀበለ ነበር። ሲያየኝ አለቀሰ። መሞቱን ሰምቶ ኖሯል፤ ለቅሶ ያልመጣው የሚቀበለው ሰው ያለ ስላልመሰለው ነው። በጎን በር አስገብቶኝ ቁጭ በይ አለኝ። ቸኩያለሁ ጋሼ ብዬ እንደቆምኩ፣ የመኪናውን ቁልፍ እያንቃጨልኩ፣ የመጣሁበትን ነገርኩት።

አላመነታም። የአባቴን የክርስትና ስም ቀጥ ብሎ ቆሞ ተናገረው።

እርግጠኛ ነህ ወይ አልኩት። ያኔ ነው የነገረኝ። መርከባቸው ላይ የነበረው ካድሬ ማተብ ያየበትን ሰው በስብሰባ መሀል አስቁሞ ያዋርደው ስለነበር፣ ሁለቱም ማተባቸውን ፈተው በኪሳቸው ይዘዋል። አንድ ቀን የመርከቡን ወለል ሲፈትጉ ስማቸውን በሹክሹክታ ተነጋገሩ። ውሃ ከወሰደኝ ስሜን ይዘህ ቤተ ክርስቲያን ሂድልኝ ተባባሉ። የሌላውን የሰማ የራሱንም መናገር ነበረበት።

እዚያው ቆሜ ለቄሱ ደወልኩ። ስሙን ነገርኳቸው። እሳቸው ደግመው ጠሩት፤ መዘገቡትም። እፎይ ማለት ሲገባኝ ቅናት ያዘኝ። ለእኔ ለምን አልነገረኝም አልኩት ሰውየውን። ጠይቀሽው ታውቂያለሽ ወይ አለኝ። ለመሄድ ዞርኩ።

«የእኔን ስም የያዘልኝ እሱ ነበር» አለኝ ከኋላዬ። «አሁን የሚያውቀው ሰው የለም።»

እምነትህን ለውጠህ የለም ወይ ልለው አፌ ላይ ደርሶ ተውኩት። ገባው መሰለኝ። እንዲጸለይለት ፈልጎ እንዳልሆነ ነገረኝ፤ ያን ያህል ዘመን ሰው ዘንድ የኖረ ነገር እንዲሁ ሜዳ ላይ መቅረቱ ከብዶት ነው። ተቀመጥኩ። ስሙን ነገረኝ፤ እንዳይጠፋኝም ሁለቴ አስደገመኝ።

«ያንቺስ?» አለኝ።

የእኔንም የክርስትና ስም ከአባቴ በቀር የሚያውቀው ሰው አልነበረም። ነገርኩት።