የምጽዋን ዓሣ ማን አረደው

ከሮቢት መነሳት

ምጽዋ ድረስ የሄድኩት ለመማር ነው። ፂሜ ላይ ሽበት ጣል ጣል ካለ በኋላ ደረሳ መሆኔ ያስቃችሁ ይሆናል። ሳቁ፣ እኔም ስቄአለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመንደራችን መስጊድ አስተማሪ ሸህ ሰይድ ዓይናቸው እየደከመ መጣ። ከሳቸው በኋላ ልጆቹን የሚያስቀራ ሰው በቀወት ቆላ ሲፈለግ፣ ኪታብ አንብቦ የሚገባው አንድ ሰው ተገኘ፤ እሱም እኔ ነኝ። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። ለጉራም ቢሆን እውነት ነው።

ፊደሉን በልጅነቴ ከሸህ ሰይድ ለቀምኩ። የቀረውን የተማርኩት ማማ ላይ ነው። የማሽላ ወፍ እየጠበቅኩ፣ በአንድ እጄ ወንጭፍ፣ በሌላው አባቴ የተወልኝን አሮጌ ኪታብ ይዤ ራሴን በራሴ አስተማርኩ። ወፎቹም ሳይማሩ አልቀሩም፤ ኋላ ኋላ የኔን ማሳ ትተው የጎረቤቴን ይበሉ ጀመር።

ሸህ ሰይድ ግን አስጠርተው እንዲህ አሉኝ። «ሙሄ፣ ያንተ ዕውቀት እንደ ቆላ ዝናብ ነው። እዚህ ይጥላል፣ እዚያ ይዘላል። ምጽዋ ሸህ ኢድሪስ የሚባሉ ሰው አሉ። እሳቸው ዘንድ በሥርዓቱ ቅራና ፈቃዳቸውን ይዘህ ና። ያለ ፈቃድ ከመጣህ መስጊዱን አልሰጥህም፤ ልጆቹም ይበተናሉ።»

«እስከ መቼ ልመለስ?» አልኳቸው።

«ማሽላው ሳይታጨድ። ያን ጊዜ ስታስቀራ ፊትህን አያለሁ። ከዚያ ካለፈ ድምፅህን ብቻ ነው የምሰማው።»

በካሚዮን ላይ

ጣልያን መንገዱን ካወጣው ወዲህ ሮቢት ላይ ካሚዮን አይጠፋም። እኔን የጫነኝ ባዶ በርሜል የሚመልስ ነበር። ሾፌሩ ኪዳኔ ይባላል፣ የአስመራ ልጅ ነው፣ ምላሱ ከመሪው ይፈጥናል።

«ጋሼ፣ ሙቀት ይችላሉ? ምጽዋ ሰው ይቀቅላል።»

«የሮቢት ሰው ነኝ። ሙቀት የአጎቴ ልጅ ነው።»

«እንግዲያው ምጽዋ አጎትዎ ራሳቸው አሉ።»

ጀውሃን አለፍን፣ ከሚሴን አለፍን። ካሚዮኖቹ አርበኛ እንዳያገኛቸው እንደ ግመል ተከታትለው ነው የሚሄዱት። ኮምቦልቻ ኬላ ላይ አንድ ወታደር የይለፍ ወረቀቴን አይቶ በአስተርጓሚ «ለምን ትሄዳለህ?» አለኝ። «ልማር» አልኩ። ፂሜን አየና ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ጠመንጃ የያዘ ሰው ሲስቅ ብቻውን አይተውም።

ከአላማጣ ወደ ኮረም የሚያወጣው ዳገት እንደ እባብ የተጠቀለለ ነው። ከታች ሸሚዜን አውልቄ ነበር፣ ከላይ ስደርስ የኪዳኔን ጆንያ ለበስኩ። አስመራ ኪዳኔ ባቡር ላይ አሳፈረኝ። ባቡሩ ከተራራው ጫፍ ወደ ታች፣ ዋሻ ለዋሻ እየተሽሎከለከ ይወርዳል። ከበላያችን ደግሞ በሽቦ የተንጠለጠለ ቅርጫት ዕቃ ይዞ በሰማይ ያልፋል። ይህን ለመንደሬ ባወራ ማን ያምነኛል ብዬ አዘንኩ። እውነት ስናገር ይቸግረኛል፣ አልለመደብኝም።

ምጽዋ

የሮቢት ሙቀት ከላይ ይመጣል፤ ጥላ ሥር ስትገባ ይተውሃል። የምጽዋ ሙቀት ጥላው ሥር ቀድሞህ ተቀምጦ ይጠብቅሃል። ሰው ሁሉ የጠፍር አልጋውን ደጅ አውጥቶ ነው የሚያድረው። በመጀመሪያው ቀን ኪዳኔን በልቤ ይቅርታ ጠየቅኩት።

ከተማዋ ግን ታምራለች። ቤቶቹ ከባሕር በወጣ ድንጋይ የተሠሩ ናቸው፣ የእንጨት መስኮታቸው እንደ ጥልፍ ተፈልፍሏል። ጣልያኖቹ የሚኖሩበት ሰፈር ለኛ አይፈቀድም፤ እኔም የወደቡን ዳር ይዤ ሳንቡክ የሚሏቸውን የሸራ ጀልባዎች ስቆጥር እውል ነበር። ጀውሃ ሲሞላ ያየሁ ሰው ውሃ አይገርመኝም ብዬ ነበር። ጀውሃ ቢሞላም ማዶው ይታያል። ባሕሩ ማዶ የለውም። በእፍኜ ጨልፌ ቀመስኩና ተፋሁት፤ ይህን ሁሉ ጨው ለማን ብለው እዚህ ደፉት አልኩ።

ሸህ ኢድሪስ አጭር፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው። «ከየት ላስጀምርህ?» አሉኝ።

«የጡሃራውን፣ የንጽሕናውን ምዕራፍ፣ ማማ ላይ ጨርሼዋለሁ። ከሶላት ያስጀምሩኝ።»

ትንሽ አዩኝና «እሺ» አሉ።

የሳልሕ ምድጃ

ከመስጊዱ ጀርባ ሳልሕ የሚባል የመናዊ ዓሣ ይጋግራል። ዓሣውን ከጀርባው ሰንጥቆ እንደ ኪታብ ይዘረጋዋል፣ በርበሬ ይቀባዋል፣ መሬት ውስጥ ወደተቀበረ የሸክላ ምድጃ ይሰደዋል። ሲወጣ ቆዳው ጠቁሮ፣ ሥጋው ነጭ ሆኖ፣ እንደ ነጠላ ከሰፋ ቂጣ ጋር ይቀርባል። ሽታው ሰፈሩን ይዞራል። የሸህ ኢድሪስ ደረሶች ከበውት ይበላሉ።

እኔ ዓሣ በልቼ አላውቅም፤ በኛ አገር የሚበላው የታረደ ነው። ጠጋ ብዬ በኪታብ አረብኛዬ «ማን አረደው?» አልኩ።

«ምኑን?»

«ዓሣውን። አንገቱ ላይ ቢላ አላየሁም።»

ሳልሕ ጥሬውን አንስቶ ሰጠኝ። «አንገቱን አሳየኝና አርድልሃለሁ።»

ደረሶቹ ሲስቁ እኔ ኮራሁ። ሐላልና ሐራም የምለይ ሰው ነኝ አልኩና ዳቦና ተምሬን ገዝቼ ሄድኩ። በየቀኑ ዳቦና ተምር። ሱሪዬ ከወገቤ እየወረደ መታጠቂያዬን ሁለት ጊዜ አሳጠርኩ። ሽታው ሲመጣ አፍንጫዬን ይዤ ኪታቤን እቀራለሁ፤ ጀርባዬን ስሰጣቸው ደረሶቹ «የቀወቱ ሸህ ዓሣ እያረዱ ነው» ይላሉ።

እንዲህ እያለሁ ኪዳኔ ጭነት ይዞ ምጽዋ ወረደ። «ጋሼ፣ በሮቢት አልፌ ነበር። ሸህዎ አሁን ግድግዳ እየዳሰሱ ነው መስጊድ የሚገቡት አሉ። ማሽላውም ዘለላ አውጥቷል።»

በማግስቱ ሸህ ኢድሪስ ፊት ተቀመጥኩ። ፈቃድ ይስጡኝና ልሂድ አልኩ። ብቁ መሆኔን እንዲያዩም አንድ ነገር ጨመርኩ። «ደረሶችዎ ሁሉ ያልታረደ ይበላሉ። እኔ ብቻ ራሴን ጠብቄአለሁ።»

ሸሁ እጃቸውን ዘረጉ። «ኪታብህን አምጣ። የመጀመሪያውን ቅጠል አንብብልኝ።»

«የመጀመሪያውን ምስጥ በልቶታል» አልኩ። «የኔ የሚጀምረው ከውዱእ፣ ከሶላት በፊት ከሚታጠቡት ነው።»

«ምስጥ የበላው ቅጠል ላይ ምን እንዳለ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«ስለ ውሃ ነው። የባሕር ውሃ ንፁህ ነው፣ በውስጡ የሞተውም ሐላል ነው ይላል። ደረሳ ሁሉ በመጀመሪያው ቀን የሚቀራው ነው።» እዚህ ላይ ያ ዝምተኛ ሰው ጥምጣማቸው እስኪላላ ሳቁ። «ይኸው ስንት ጊዜ ሙሉ ደረሶቼ ይህ ሰው ለምን ይጾማል ይሉኝ ነበር። እኔም ሱፊ ነው መሰል ብዬ ተውኩህ።»

«ፈቃዱስ?» አልኩ።

«ከመጀመሪያው ቅጠል ስትነሳ እሰጥሃለሁ። አሁን ግን ሂድና ብላ። የተራበ ሰው አይቀራም።»

ሳልሕ ሲያየኝ ትልቁን መረጠልኝ። ከዚያ በፊት የበላሁት ሁሉ ልምምድ ነበር። ጣቴ እየተቃጠለ፣ በርበሬው ዓይኔን እያስለቀሰ፣ አጥንቱን እስካጸዳው አልተነሳሁም። ያለቀስኩት በበርበሬው ብቻ አይደለም።

ከዚያማ ቀንም ማታም ቀራሁ። የቀረው ምዕራፍ እውነትም ማማ ላይ ገብቶኝ ስለነበር እንደ ቁልቁለት ውሃ ወረደልኝ፤ ይህንን ሸህ ኢድሪስም መስክረዋል፣ ጉራ አይደለም። ፈቃዳቸውን ሰጡኝ። ምስጥ የበላውን ቅጠል በእጄ ገልብጬ ኪታቤ ላይ ሰፋሁት። ለመንደሬ ደግሞ የደረቀ ዓሣ በጆንያ ያዝኩ።

መመለሻ

«ጋሼ» አለኝ ኪዳኔ ከአስመራ ስንነሳ፣ «ከዓሣውና ከእርስዎ አንዳችሁ ከኋላ ተጫኑ።» አብረን ተጫንን።

ሮቢት ስወርድ ማሽላው ራሱን ደፍቶ አየሁ፣ ማማው ላይ ወንጭፍ ሲጮህ ሰማሁ። አልታጨደም። ሮጥኩ ብላችሁ ትስቃላችሁ፣ ግን ሮጥኩ።

መንደሩ መስጊዱ ደጅ ተሰበሰበ። ባለቤቴ ከድጃ ጆንያውን አሸተተችና «ምን ሞቶብህ ነው ተሸክመህ የመጣኸው?» አለች። ዓሣውን አወጣሁ። ሰው ሁሉ ወደ ኋላ አለ። ሽማግሌዎቹ ባንድ አፍ «ማን አረደው?» አሉ።

ሸህ ሰይድ ምንጣፋቸው ላይ ተቀምጠዋል። «ሙሄ፣ መንደሩ ጠየቀህ። መልስ።»

ኪታቤን ገልጬ ከሰፋሁት ቅጠል ጀመርኩ። ስለ ባሕሩ፣ ማዶ ስለሌለው ውሃ፣ አንገት ስለሌለው ዓሣ፣ እኔም ተርቤ ስለከረምኩት ሁሉ ነገርኳቸው። መጀመሪያ ሳቁ፣ ኋላ ጠጋ ብለው ሰሙ።

«ያን ቅጠል ዕድሜዬን ሙሉ በቃሌ አስቀርቻቸዋለሁ» አሉ ሸህ ሰይድ። «ባሕር አይተው ስለማያውቁ አልያዙትም። አንተ ደግሞ ያን ጊዜ ማማ ላይ ነበርክ።» ከዓሣው ቆንጥረው አፋቸው ከተቱ፣ ቀስ ብለው አላመጡ። «ጨው በዝቶበታል። ና ቀረብ በል።»

ቀረብኩ። ፊቴን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ብርሃኑ አዞሩት፣ ዓይናቸውን አጥብበው ቆዩ። «ከስተሃል» አሉኝ። ካጠገባቸው የነበረውን የማስቀሪያ ምንጣፍም ወደኔ ገፉት።

አሁን አዲስ ልጅ ሲመጣ፣ ምንም ያህል አውቃለሁ ቢለኝ፣ የማስጀምረው ከዚያች ቅጠል ነው። የደረቀውን ዓሣ እሰጠውና አንገቱን አሳየኝ እለዋለሁ። ልጁ ዓሣውን ሲያገላብጥ ሸህ ሰይድ ከጥግ ሆነው ሲስቁ ይሰማኛል። ዓይናቸው ጨርሶ ጠፍቷል። እኔ ግን ከድጃ ስትቀልበኝ ወፍሬ ቦርጭ ባወጣም፣ ለሳቸው ዛሬም እንደ ከሳሁ ነው።