የፉርሽካ ሽታ

ሲግናል ሰፈር ያለው የወንድሜ ቤት በገባሁ ቁጥር እርጥብ ፉርሽካ ይሸተኛል። ሴት ልጁ እስስት ታሳድጋለች፤ ፉርሽካውንም የምታበላው እስስቷ ለምትበላቸው ፌንጣዎች ነው።

"አክስቴ፣ የእነሱ ሆድ ባዶ ከሆነ እኮ ለእሷም አይጠቅሟትም" አለችኝ ባለፈው እሑድ።

ሽታው እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ሥር ወደነበረው ጎጇችን መለሰኝ። ትምህርት ቤት ገና አልገባሁም። እናቴ እንጨት ስትለቅም እኔ ባሕር ዛፍ ላይ ላገኘኋት እስስት ጥንዚዛ እለቅምላት ነበር። እስስቷ ትበላለች፣ ግን ትከሳለች። ኩሷ ውስጥ የጥንዚዛው ቅርፊት እንዳለ ይወጣል። ለእናቴ አሳየኋት።

"የሞላ ሆድ ሁሉ የበላ እንዳይመስልሽ" አለችኝ፣ ዓይኗን ከታናሽ ወንድሜ የተነፋ ሆድ ሳትነቅል። ስለ እስስቷ የተናገረች መሰለኝ።

በማግስቱ ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች መጡና የወንድሜን ሆድ መታ መታ አደረጉት።

"ተመስገን ነው! ይኼ ከበሮ ምን ቢበላ ነው?"

"ያው እንጀራ ነዋ" አለች እናቴ ፈጠን ብላ።

እኔ ያን ጊዜም የተሳሳተ ነገር ሰምቼ ማለፍ አልችልም ነበር።

"ኧረ እማዬ፣ የፉርሽካ ቂጣ ነው እንጂ! የሞላ ሆድ ሁሉ የበላ አይደለም ብለሽኝ የለ?"

በሰፈራችን ፉርሽካ የላም ቀለብ ነበር። እትዬ ዘነበች እጃቸውን ከወንድሜ ሆድ ላይ አነሱ። እናቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች፤ ሴትዮዋ እስኪወጡም አልገለጠችውም።

ወንድሜ ዛሬ ቦርጫም ነው። ያን እሑድ የልጁን የፉርሽካ ጣሳ አንስቶ አሸተተና "ደስ የሚል ሽታ አለው፣ አይደል?" አለኝ።

ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩ።