ደምሴ «ፍታኝ» ሲለኝ

ደምሴ አልሞተም ብዬ ከልጁ ከማርታ ጋር ተከራከርኩ። ዛሬ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ደውላ «ጋሼ፣ አባቴ ዐረፈ» ስትለኝ ስልኬን አየሁ። ደምሴ ዛሬ ስምንት መቶ እርምጃ ሄዷል ይላል። የሞተ ሰው አይራመድም አልኳት።

ከዚያ «ጋሼ፣ ስልኩ ያለው እኔ ኪስ ውስጥ ነው» አለችኝ።

በዚህ በሰው አገር፣ ኪሱጉ ሰፈር ካለው ምግብ ቤቱ ገብታችሁ የበላችሁ ሁሉ፣ የሰማችሁት እውነት ነው። ጎህ ሲቀድ በተኛበት ዐርፏል። ይህን የምጽፈው ከለቅሶው ቤት ነው።

ሁለታችንም ስኳር አለብን። ሐኪሙ ተራመዱ ሲለን፣ መራመድ የሚያስተምረኝ ስልክ አልፈልግም ብዬ ነበር። ጄኔሬተር መጠገንን ያለ አስተማሪ፣ ከመጽሐፍ የተማርኩ ሰው ነኝ። ደምሴ አልተከራከረኝም። ስልኬን ከእጄ ወስዶ ለማርታ ሰጣት፤ እሷም አንድ አፕ ጫነችልን።

አፑ ሁለት ሰው በአንድ ጓጉንቸር ያስራል። ሁለቱም በቀን አምስት ሺህ እርምጃ ካልሞሉ አይከፈትም። አንዱ ከተቀመጠ የሌላው ድካም ከንቱ ነው። በማግስቱ እንደገና ይቆለፋል።

ደምሴ የራሱን ጠዋት ይጨርስና ከሰዓት በኋላ ይደውላል። ሰላምታ የለ፣ እንዴት ዋልክ የለ። «ፍታኝ» ነው የሚለው። ዝናብ ነው እለዋለሁ። «ኪሱጉም ዘንቧል። ፍታኝ።» እየተነጫነጭኩ ጫማዬን አጠልቃለሁ። ስኳሬ ወረደልኝ። አንድ ቀን አላመሰገንኩትም።

እውነቱን ልናገር። አንዳንድ ቀን ንቲንዳ ሰፈር ቤቴ ውስጥ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ዜና እያየሁ ስልኩን በእጄ አወዛውዘው ነበር። እርምጃ ብሎ ይቆጥረዋል። አንድ ቀን ደምሴ ሳይደውል ሊጠይቀኝ መጣና በር ላይ ቆሞ አየኝ። ሻዩን ጠጥቶ ሄደ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ግን ሰው በተሰበሰበበት «ይሄ ሰውዬ ከወንበሩ ሳይነሳ ንቲንዳን ሁለት ጊዜ ዞረ» አለ። ሁሉም ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አልተራመድኩም። ስልኩንም አላወዛወዝኩም። ይቆለፍበት አልኩ። በየቀኑ ደወለ፤ አላነሳሁም። ከዚያ ይጽፍልኝ ጀመር። አንዲት ቃል ብቻ፤ «ፍታኝ»። ትናንትም ከሰዓት በኋላ ላከ። የራሱን አምስት ሺህ ሞልቶ ነበር። አነበብኩትና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፋሁት።

ዕድሜዬን በሙሉ ሞተር ስፈታ ኖሬ፣ አንድ ሰው ፍታኝ ሲለኝ እምቢ አልኩ።

ዛሬ ማርታ የአባቷን ስልክ እንደያዘች አስከሬኑ ካለበት ከንሳምብያ ሆስፒታል ወደ ኤምባሲ፣ ከኤምባሲ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትሮጥ ዋለች። ስምንት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። ደምሴ ሞልቷል፤ እርስዎን እየጠበቀ ነው ይላል።

ተነሳሁ። ከንቲንዳ እስከ ኪሱጉ በእግሬ ሄድኩ። ቦዳ የሚባለውን የሞተር ታክሲ የሚነዱ ልጆች ሞተራቸውን እያዘገሙ ና ውጣ፣ ሽማግሌ ነህ እያሉ ተከተሉኝ። አልወጣሁም። ጓጉንቸሩ የተከፈተው ገና መንገድ ላይ ሳለሁ ነው። ቆም ብዬ አየሁት፣ ቀጠልኩ።

ማርታ ነገ ከቀብር በኋላ ስልኩን አጠፋዋለሁ ብላኛለች። ያን ጊዜ ጓጉንቸሩ እንደተቆለፈ ይቀራል፤ ብራመድም ባልራመድም። አፑ ላይ ጓደኛን ማስወጫ ቦታ እንዳለ አሳየችኝ። አልነካሁትም። እንግዲህ እዚያው ውስጥ እንደታሰርኩ ነኝ።

ደምሴ፣ ሰው ፊት ስላሳቅህብኝ አሁንም ከፍቶኛል። ልክ ግን ነበርክ። ነገ ካህናቱ ፍትሐትህን ያደርሳሉ። የእኔን ድርሻ ዛሬ በእግሬ አድርሻለሁ፤ ማርታ ምስክሬ ናት። አንተ ተፈትተሃል ወንድሜ፣ በሰላም ሂድ።

አሁን ተራው ያንተ ነው። ፍታኝ።