ቁልቁለት ላይ የምታድር ማኪና

ሜዳ ላይ ከቆመች ስድስት ሰው ካልገፋት አትነሳምና፣ አያ ሰጠኝ ያቺን አሮጌ ማኪና ከቁልቁለት ሌላ አቁመዋት አያውቁም። ባትሪዋ ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው። አዲስ ባትሪ የቀበሌ ወረቀት ይጠይቃል፤ ወረቀቱ ደግሞ ዘመድ ይጠይቃል። ደግነቱ ጎንደር ቁልቁለት አይቸግርም። ጧት ከጎማዋ ሥር ድንጋዩን ሲያነሱላት ተንደርድራ ትነሳለች። የሚያፈሰውን የቤንዚን ታንክ በሳሙና እየደፈኑ፣ የሞተሩ ቺንጋ ሲበጠስ በሚስታቸው በይርገዱ መቀነት እያሰሩ፣ ከጠዳ ጎንደር ሰው ያመላልሱባታል።

የአብዮት በዓል ሲደርስ ቀበሌው «መንገዱ ለሰልፍ ይጽዳ» ብሎ አስገፍቶ ሜዳው ላይ አስቆማት። በማግስቱ ረፋድ ላይ ይርገዱ እየሮጡ መጡ።

«ምነው ትቀመጣለህ! አፈሳ ጀምረዋል፤ ጎረምሳውን ሁሉ ለጦር ሜዳ እየለቀሙት ነው!»

አያ ሰጠኝ ልጃቸውን መለሰን ከኋላ ወንበር አስተኝተው ጆንያ ደረቡበት። አይከል ከተማ ዘመድ ዘንድ ሊያሸሹት ነው። ቁልፉን ቢያዞሩት ማኪናዋ ጭጭ። ይርገዱ ቢገፉ ንቅንቅ አላለችም። ጎረቤት ጠርቶ ማስገፋትማ፣ በዚያ ዘመን ማን ይታመናል?

«አባባ፣ እኔ ልውረድ» አለ መለሰ።

ወርዶ ትከሻውን ሰጣት። ሞተሩ ሲያጓራ አያ ሰጠኝ «ተነሳች! ግባ!» እያሉ ዞሩ። ልጁን ጠመንጃ የያዙ ሁለት የአብዮት ጥበቃዎች ክንድና ክንዱን ይዘውታል።

ስድስት ሰው የምታስለምን ማኪና፣ ያን ቀን አንድ ልጅ ብቻውን ቢገፋት ተነሳች።