ግቡን ባዶ ጥዬ የወጣሁ ጊዜ

መጀመሪያ የተሰማኝ እጄ ላይ ነው። ጅጅጋ ሜዳ ላይ የማዕዘን ምት ሊመታብን ሲል ጣቶቼ ጓንቱ ውስጥ ደነዘዙ። ከዚያ ልቤ በኃይል መምታት ጀመረ። ሩጫ የሚያመጣው ዓይነት አልነበረም። አየር አጠረኝ። ልሞት ነው አልኩ። ኳሱ መጣ፤ እንዴት እንደያዝኩት አላውቅም። ሰው አጨበጨበ። እኔ ኳሱን አቅፌ መሬት ላይ ቀረሁ። ዳኛው ሆን ብዬ ሰዓት የማባክን መስሎት ተቆጣኝ።

ከሶማሊያ ጋር የተደረገው ጦርነት ካበቃ ጥቂት ዓመታት ሆኖት ነበር። ተወልጄ ያደግሁት ናዝሬት ሲሆን ወደ ጅጅጋ ያመጣኝ አንድ የመንገድ ሥራ ድርጅት ነው። በዚያን ዘመን ኳስ ተጫውቶ መኖር በይፋ የሚታወቅ ነገር ስላልነበረ በወረቀት የመጋዘን ሠራተኛ፣ በተግባር ደግሞ በረኛ ነበርኩ። ድርጅቱ መልቀቂያ ካልሰጠኝ ለሌላ ቡድን እንደማልሰለፍ ውል ፈርሜያለሁ። የምንኖርበት ቤትም የድርጅቱ ነው። ባለቤቴ አልማዝ፣ አስተማሪ ናት፣ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛ ነበር።

ሁለተኛው የያዘኝ አውቶቡስ ውስጥ ነው። ለጨዋታ ወደ ድሬዳዋ ስንሄድ የካራማራን ዳገት መውጣት እንደጀመርን ደረቴ ተጨነቀ። አውርዱኝ ብዬ ልጮህ ፈለግሁ። አፌ ደርቋል። አጠገቤ የነበረው ዓብዲ እጄን ያዘኝ። ዓብዲ ከጅጅጋ አጠገብ ያለችው የቱሊ ጉሌድ ከተማ ልጅ፣ ተከላካያችንና አምበላችን ነው።

«ዋርያ፣ አንተ ሰው፣ እጅህ በረዶ ሆኗል። ምን ሆነሃል?»

«ሆዴን ነው» አልኩት።

ከዚያ በኋላ የምፈራው ፍርሃቱን ራሱን ሆነ። የቀበሌ ሱቅ ሰልፍ አስፈራኝ። ፀጉር አስተካካይ ወንበር ላይ መቀመጥ አስፈራኝ። ቶሎ የማልወጣበት ቦታ ሁሉ አስፈራኝ። እንቅልፍ ጠፋ። ጎረቤቶቻችን ጂኒ ነው አሉ፤ የአልማዝ እናት ጠበል ይሂድ ብለው ላኩብን። እኔ ልብ ድካም ነው ብዬ ሆስፒታል ሄድኩ።

ሐኪሙ ጠና ያሉ፣ ከአዲስ አበባ የተመደቡ ሰው ነበሩ። ረጅም ጊዜ አዳመጡኝ።

«ልብህ ጤነኛ ነው» አሉኝ። «ይሄ ፓኒክ ዲስኦርደር ይባላል፤ የጭንቀት ሕመም ነው። ሞት የመጣ ያስመስላል እንጂ አይገድልም። አላበድክም።»

ኢሚፕራሚን የሚባል ክኒን አዘዙልኝ። ሥራውን የሚጀምረው ቀስ ብሎ መሆኑን፣ መጀመሪያ ላይ እንዲያውም ሊረብሸኝ እንደሚችል ነገሩኝና ለጊዜው ጨዋታ እንዳቆም መከሩኝ።

የስፖርት ኃላፊያችን ጓድ ታደሰ ይባል ነበር። ስሙን ቀይሬዋለሁ። ቢሮው ገብቼ እውነቱን ነገርኩት። ሳቀ።

«ድሬዳዋዎቹ አስጠኑህ?» አለኝ።

የድሬዳዋ አንድ ቡድን እንደሚፈልገኝ ከተማው ሁሉ ያውቃል። እኔም አልካድኩም።

«ጠይቀውኛል፤ ግን ይሄ ሌላ ነው፣ ጓድ ታደሰ። ታምሜያለሁ።»

«ስማ። ጤነኛ ከሆንክ ትጫወታለህ። ካበድክ ደግሞ መጋዘን ለእብድ አናስረክብም፤ ቤቱንም ትለቃለህ። የትኛው ነህ?»

ብናገር እብድ ነኝ። ዝም ብል በረኛ ነኝ። እሁድ ተሰለፍኩ።

ከእረፍት በኋላ መጣብኝ። ኳሱ ሩቅ ነበር። መረቡ ከኋላዬ ነው። ሰው በግራ፣ ሰው በቀኝ። ጓንቴን አወለቅሁ። ከግቡ ወጣሁ። ዓብዲ እየሮጠ መጣ።

«የት ነው?»

«አልችልም።»

ፊቴን አየና ሌላ አልጠየቀኝም። ጓንቴን አንስቶ ራሱ ግብ ውስጥ ቆመ። ተሸነፍን። ሰዉ የሰደበኝን እዚህ አልጽፈውም።

ጓድ ታደሰ ውል አፍርሷል ብሎ ከሰሰኝና ነገሩ ለሠራተኛ ማኅበሩ ስብሰባ ቀረበ። ጋራዡ ውስጥ ሾፌሩ፣ መካኒኩ፣ ያጨበጨበልኝና የሰደበኝ ሁሉ ተቀምጧል። ከቤት ስወጣ አልማዝ «ተናገረው። ቤቱን ቢወስዱብን በእኔ ደመወዝ አንድ ክፍል እንከራያለን» ብላኝ ነበር። ቆምኩ። የሕመሜን ስም ጠራሁ። ከኋላ አንድ ሰው ብቻ ሳቀ። ሐኪሙ ስለ እኔ የሚናገሩት ከፈቀድኩ ብቻ መሆኑን ቀድመው ነግረውኝ ነበርና፣ ፈቀድኩላቸው፤ መጥተው አስረዱ። ዓብዲም ተነስቶ «አውቶቡስ ላይ እጁን የያዝኩት እኔ ነኝ። ወላሂ፣ የውሸት እጅ አልነበረም» አለ።

ከሥራ አልባረሩኝም፣ ቤቱንም አልወሰዱብኝም። መልቀቂያውን ግን ጓድ ታደሰ አልፈርምም እንዳለ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ለማንም ቡድን አልተሰለፍኩም። ይሄ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፤ አይቆጨኝም ብል እዋሻለሁ።

መዳኑ ዝግ ያለ ነበር። ክኒኑ አፌን እያደረቀ፣ እጄን እያንቀጠቀጠ ከቆየ በኋላ አንድ ጠዋት ሌሊቱን ሙሉ መተኛቴ ገባኝ፤ አልማዝም እንዳትቀሰቅሰኝ ፈርታ በእግር ጣቷ ስትራመድ አየኋትና አብረን ሳቅን። ሐኪሙ ባዘዙኝ መሠረት ከዓብዲ ጋር መጀመሪያ የቆመ አውቶቡስ ውስጥ መቀመጥ፣ ቀጥሎ እስከ ዳገቱ ሥር ሄዶ መመለስ፣ በመጨረሻም ተራራውን ማለፍ ጀመርን፤ ሲይዘኝም ከመሮጥ ይልቅ ማዕበሉ ከፍ ብሎ እስኪወርድ እየተነፈስኩ መጠበቅ ለመድኩ። ልጃችን ስትወለድ ሆስፒታሉ በሰው ተጨናንቆ ነበር፤ እኔም እዚያ መሀል ቆሜ ጠበቅኋት።

ከዓመታት በኋላ ጓድ ታደሰ መጋዘን መጣ። ዕቃ የሚፈልግ መስሎኝ ተነሳሁ። በሩን ዘጋው።

«እኚያ ሐኪም አሁንም አሉ?» አለኝ። «ልጄ ከቤት አልወጣም ካለች ሰነበተች።»

ብዙ ልለው እችል ነበር። ተቀይረው አዲስ አበባ መግባታቸውን ነገርኩት፤ የት እንደሚያገኛቸውም አስረዳሁት። እጄን ጨብጦ ወጣ። ስለ መልቀቂያው አላነሳም፤ እኔም አላነሳሁም።

ሐኪሙን፣ ዓብዲንና አልማዝን አመሰግናለሁ። አንተ በዚህ ሕመም ውስጥ ያለህ ወንድሜ፣ አንቺም እህቴ፣ መጀመሪያ ልባችሁን አስመርምሩ። መድኃኒቱን በራሳችሁ አታቋርጡ። ተጫዋች ከሆናችሁ ከመፈረማችሁ በፊት «ብታመምስ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ እኔ አልጠየቅሁም። ለሁሉም ሰው ተናገሩ አልልም፤ የሁሉም ሰው ጆሮ አንድ አይደለም። ግን ለአንድ ሰው ንገሩ። ማን እንደሆነ እኔ አላውቅም፤ እናንተ ታውቁታላችሁ።