የበርንሃርዶች ገመድ

በርንሃርድ ላውበር ሲወለድ አንድ መዳፍ የሚበቃው ትንሽ ልጅ ነበር። ቢሆንም ግንድ ለብቻው ይሸከም የነበረው የግዙፉ አያቱ ስም ወጣለት። አንደኛ ክፍል ሲገባ መምህሩ፣ «ስምህ ከጥንት ጀርመኖች የመጣ ነው። እንደ ድብ የበረታ ማለት ነው» ቢሉት ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩ ሊያጽናኑት ብለው ታላቅ መነኩሴም፣ የሳክሶኒ መሳፍንትም በዚህ ስም እንደተጠሩ ጨመሩ።

«ውሻም አለ!» አለ ከኋላ አንዱ። በተራራችን ላይ ሰው ከበረዶ የሚያወጣውን፣ በዚሁ ስም የሚጠራውን ውሻ ማለቱ ነው።

በርንሃርድ አድጎም ቁመቱ ብዙ አልጨመረም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከሸለቆው ወደ ላይኛው መንደር የፖስታውን አውቶቡስ ነዳ። በሃምሳ ሁለት ዓመቱ፣ አናጢው ዜፒ አውቶቡሱ ውስጥ በሰው ፊት ተሳለቀበት፤ «ስምህ ድብ፣ አንተ አይጥ!»

በርንሃርድ ፍሬን ያዘ። «ዜፒ የዮሴፍ ማቆላመጫ አይደል? ሰባት ዮሴፎች አምጣ፤ እኔ ሰባት በርንሃርዶች አመጣለሁ። በስሜ ቀን፣ በቅዱስ በርንሃርድ በዓል፣ ገመድ እንጓተት!»

ዮሴፍ በሸለቆው እንደ አሸዋ ነው። በርንሃርዶቹን ግን ቤት ለቤት ፈልጎ በጭንቅ አገኛቸው፤ ሰባተኛው አንድ የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ ነበሩ። እሳቸውም በውድድሩ ቀን ጠዋት ወገባቸው ተያዘ።

«እንግዲህ ተሸነፍክ!» አለ ዜፒ።

አይብ ሠሪዋ ዴቲ የተሸከመችውን አይብ መሬት አስቀምጣ እጅጌዋን ሰበሰበች። «እኔ እገባለሁ።»

«ዴቲ የሚባል በርንሃርድ አለ?»

«በርናዴት ነኝ፤ ሴት በርንሃርድ ማለት ነው። አባን ጠይቅ!»

ውድድሩን ሊያዩ የመጡት ቄስ እየሳቁ፣ «ስሙ አንድ ነው፤ ትግባ» አሉ።

እሷ ከኋላ ገመዱን ወገቧ ላይ ጠምጥማ እንደ ግንብ ቆመች። በርንሃርድ ከፊት ሆኖ «ሳቡ! ሳቡ!» እያለ ጮኸ። ዮሴፎቹ ተንሸራተው ጭቃ ውስጥ ተከመሩ፤ ዜፒ ከሁሉም በታች ነበር። ሕዝቡ ባርኔጣውን ወደ ሰማይ ወረወረ።

በርንሃርድ ላቡን እየጠረገ ቀረባት። «ሠላሳ ዓመት ስትሳፈሪ በርናዴት መሆንሽን እንዴት አላወቅሁም?»

«መች ጠየቅከኝ? ዴቲ፣ ደህና አደርሽ፤ ዴቲ፣ ደህና ዋይ። ከዚያ መንገዱን ብቻ ታያለህ።»

«ዛሬ ብጠይቅሽስ?»

«ስሜን?»

«ሌላም ነገር አለኝ» አለ፣ ጆሮው ድረስ ቀልቶ።

በፀደይ ተጋቡ። አውቶቡሱን አበባ አልብሶ ሙሽሮቹን ይዞ የነዳው ዜፒ ነው፤ ባልለመደው መሪ ሁለቴ ጉድባ ሊከታቸው ምንም አልቀረውም፤ ሙሽራዋም ከኋላ ሆና እስክታነባ ሳቀች።